ረቡዕ ማታ የሚከፈተው በር፦ የካምብሪጅ የሥነ ፈለክ ተቋምና የወሎ ሰማይ

(ደሴ ላይ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ በደሴ ብርድ፣ ያውም ማታ፣ ስለ ኮከብ ለመስማት ይህን ያህል ሰው መምጣቱ በጣም ደስ ብሎኛል። ከኮምቦልቻና ከሐይቅ ድረስ የመጣችሁም አላችሁ። ኑሩልን።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ካምብሪጅ የሥነ ፈለክ ተቋም ነው። እንግሊዝ አገር ያለ፣ 200 ዓመት ያለፈው ቦታ ነው። ታሪኩንም እነግራችኋለሁ፣ እንዴት እንደሚኬድም እነግራችኋለሁ። በቅድሚያ ግን ለምን እሱን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። ስለ ካምብሪጅ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው የትልልቅ ሊቃውንት ስም ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ተቋም ብርዱ ሲገባ ረቡዕ ማታ በሩን ከፍቶ መንገደኛውን ሁሉ ያስገባል። ገንዘብ አያስከፍልም። ምን ተምረሃል ብሎ አይጠይቅም። ከ100 ዓመት በፊት እንዲህ ባለ ማታ የገባች አንዲት ተማሪ ናት በኋላ ከዋክብት ከምን እንደተሠሩ ለዓለም ያሳወቀችው። ወሎ ውስጥም እንዲህ ያለ ማታ እንዲኖረን እፈልጋለሁ። የመጣሁትም ለዚሁ ነው።

እስቲ ከቦታው እንነሳ። ካምብሪጅ ከለንደን በስተሰሜን ያለች፣ ብዙም ሰፊ ያልሆነች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ሜዳ ነው። ጦሳን የመሰለ ተራራ ብትፈልጉ አታገኙም። የተቋሙ መነሻ የሆነው የኮከብ መመልከቻ ቤት ከመሃል ከተማ በስተምዕራብ፣ ማዲንግሊ በሚባል መንገድ ዳር ነው። ተሠርቶ ያለቀው በ1823 ነው። የውጭውን ታሪክ ስናገር ቀኑንም ዓመቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የኛን ስጠራ እነግራችኋለሁ። ሕንፃው ከፊት ለፊት እንደ ጥንታዊ የግሪክ ቤተ መቅደስ ትልልቅ ዓምዶች አሉት። ዛሬ ቤተ መጻሕፍቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ግቢው ውስጥ ሣሩ ላይ ጉልላት ያላቸው ቤቶች ታያላችሁ። አንዱ ኖርዘምበርላንድ የሚባለውን ቴሌስኮፕ ይዟል። ስሙን ያገኘው ወጪውን ከሸፈኑት ከኖርዘምበርላንድ መስፍን ነው። በ1838 ሥራው ሲያልቅ በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ የሌንስ ቴሌስኮፖች አንዱ ነበር። የሌንሱ ስፋት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ ወደ 6 ሜትር ይጠጋል። እኔ በጥር ወር ሄጄ ሳየው መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው እንጨቱ ነው። ያን ረጅም ቱቦ ከግራና ከቀኝ ወጥረው የያዙት ረጃጅም የእንጨት ምሰሶዎች ናቸው። መሬት በዞረች ቁጥር ኮከቡ ከዓይን እንዳይጠፋ ያ ሁሉ የእንጨት ማዕቀፍ ቀስ ብሎ አብሮ ይዞራል። በዚያ ማታ ወረፋ ይዘን ያየነው የኦሪዮንን ደመና ነበር። እኛ አገር በጥር ማታ ሦስት ሆነው ተሰልፈው የምታዩዋቸው ኮከቦች አሉ አይደል? ከነሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ የተነነ ጭጋግ የሚመስለው እሱ ነው። አዳዲስ ኮከቦች የሚወለዱበት ጋዝና አቧራ ነው። ካምብሪጅ ላይ ኦሪዮን ከደቡብ አድማስ ብዙም ከፍ አይልም። ደሴ ላይ ግን አናታችን ሊደርስ ምንም አይቀረውም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመጣበታለሁ።

ይኸው ቴሌስኮፕ አንድ የሚያስቆጭ ታሪክ አለው። በዚያ ዘመን ዩራነስ የምትባለው ፕላኔት ከተሰላላት መንገድ እየወጣች ሊቃውንቱን አስቸግራ ነበር። የካምብሪጁ ወጣት ጆን ካውች አዳምስ “ከበስተጀርባዋ ሆኖ የሚስባት ሌላ ያልታየ ፕላኔት አለ” ብሎ ቦታውን በሒሳብ ማስላት ጀመረ። ውጤቱን በ1845 ለመመልከቻው ቤት ኃላፊ ለጄምስ ቻሊስ ሰጠው። ፈረንሳይ ላይ ደግሞ ኡርባን ለ ቬሪየ የተባለ ሰው ስለ አዳምስ ምንም ሳያውቅ ያንኑ ሒሳብ እየሠራ ነበር። ቻሊስ ፍለጋውን የጀመረው በ1846 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው፤ በዚሁ በእንጨት በተያዘው ቴሌስኮፕ። በዚያ የሰማይ ክፍል ያሉትን ኮከቦች አንድ በአንድ እየመዘገበ ሄደ። ፕላኔት ከኮከብ የምትለየው ቦታ በመቀየሯ ነው። ስለዚህ የአንዱን ማታ መዝገብ ከሌላው ማታ ጋር ማስተያየት ያስፈልግ ነበር። ቻሊስ መዝገቡን በጊዜው አላስተያየም።

መስከረም 23 ቀን 1846 በርሊን ላይ ዮሐን ጋለ የለ ቬሪየ ደብዳቤ ደረሰው። በዚያው ማታ ከረዳቱ ጋር ቴሌስኮፑን አዞረ። እጃቸው ላይ አዲስ የታተመ የሰማይ ካርታ ነበራቸው። አንዱ የኮከቦቹን ቦታ ይናገራል፣ ሌላው ካርታው ላይ ይፈልጋል። ብዙም ሳይቆዩ ካርታው ላይ የሌለች ኮከብ መሳይ ነገር አገኙ። ኔፕቲዩን ነበረች። ቻሊስ ወደ መዝገቡ ተመልሶ ሲያይ በነሐሴ ወር ሁለት ጊዜ አይቷት፣ ቦታዋን በእጁ ጽፎ አልፏታል።

ይህን የምነግራችሁ ቻሊስን ለመውቀስ አይደለም። ትጉህ ሰው ነበር። ብቻውን ነበር እንጂ። በርሊን ላይ ሁለት ሰውና አንድ ጥሩ ካርታ ነበር። ሰማይን ማየት የብቻ ሥራ ይመስላል፣ ግን አብሮ የሚያይ፣ የሚጠይቅ፣ “እስቲ ይህን ከትናንቱ ጋር እናስተያየው” የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ዘመን ዘልዬ 1914 ላይ ልድረስ። በዚያ ዓመት አርተር ኤዲንግተን የመመልከቻው ቤት ዳይሬክተር ሆነ። እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1944 ድረስ የኖረውም እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። ኤዲንግተን የታወቀው በግርዶሽ ነው። አይንሽታይን “ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ይታጠፋል፤ መጠኑም ከኒውተን ሕግ ከሚወጣው እጥፍ ነው” ብሎ ነበር። ይህን በቀን ማረጋገጥ አይቻልም። ፀሐይ አጠገብ ያሉትን ኮከቦች ብርሃኗ ይውጣቸዋል። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትጋረድ ግን ለጥቂት ደቂቃ ይታያሉ። ስለዚህ ኤዲንግተን ግንቦት 29 ቀን 1919 ለነበረው ግርዶሽ ወደ አፍሪካ መጣ፤ በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ወዳለችው ፕሪንሲፔ ደሴት። ሌላ ቡድን ብራዚል፣ ሶብራል ሄደ። ፕሪንሲፔ ላይ በዕለቱ ጠዋት ዝናብ ጣለ፤ ግርዶሹም ሲመጣ ደመናው ገና አልጠራም። ካነሷቸው ፎቶዎች ለሥራ የበቁት ጥቂት ናቸው። ያም ሆኖ የሁለቱ ቡድን ልኬት ለአይንሽታይን መሰከረ። ኅዳር 6 ቀን 1919 ውጤቱ ለንደን ላይ ይፋ ሲሆን ዓለም ጉድ አለ።

ይህ የግርዶሽ ነገር ለኛ ለወሎዎች ሩቅ አይደለም። በኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 2012 እሁድ ጠዋት የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆነች። ያ ዓመት ኮሮና የገባበት ስለነበር ከውጭ ሊመጣ የነበረው እንግዳ ሁሉ ቀረ። ሰማዩን ያየነው እኛው ነን። አንዳንድ ተማሪ “ለምን የኤዲንግተንን ሥራ ላሊበላ ላይ አልደገምነውም?” ብሎ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። የኛው የቀለበት ግርዶሽ ነበር። ጨረቃ በዚያ ቀን ከመሬት ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አልቻለችም። ዳር ዳሩን የቀረችው ቀጭን የፀሐይ ቀለበት ብቻ አጠገቧ ያሉትን ኮከቦች ለመደበቅ ትበቃለች። ለኤዲንግተን ሥራ ሙሉ ግርዶሽ ያስፈልጋል።

አሁን ወደዚያች ተማሪ ልምጣ። ስሟ ሴሲሊያ ፔይን ነው። በ1919 ካምብሪጅ ስትገባ ዕፅዋት ልትማር ነበር ሐሳቧ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤዲንግተን ስለ ግርዶሹ ንግግር ሲያደርግ መግቢያ ወረቀቱን ያገኘችው ጓደኛዋ መሄድ ስላልቻለች ነው። ሰምታ ወደ ክፍሏ ተመለሰችና ንግግሩን ከቃሉ ሳታጎድል ወረቀት ላይ አሰፈረችው። ከዚያ ወደ ፊዚክስ ዞረች።

ቀጥሎ መመልከቻው ቤት ለሕዝብ ክፍት በሆነበት ማታ ብስክሌቷን ይዛ ሄደች። አንድ ረዳት በቴሌስኮፑ ጥንድ ኮከብ እያሳየ ነበር። ሴሲሊያ ጥያቄ አበዛችበት። የሁለቱ ኮከቦች ቀለም ለምን ተለያየ? አብረው ከተወለዱ እንዴት ይሆናል? ሰውየው መልሱ ሲያልቅበት ወደ ኤዲንግተን ሮጦ “አንዲት ሴት መጥታ ጥያቄ ትጠይቃለች!” አለው። ኤዲንግተን ወጥቶ አነጋገራት። የሥነ ፈለክ ሰው መሆን እንደምትፈልግ ነገረችው። መልሱ “የማይታለፍ እንቅፋት አይታየኝም” የሚል ነበር። የመመልከቻውን ቤተ መጻሕፍትም እንድትጠቀም ፈቀደላት።

እንቅፋት ግን ነበር። በዚያን ጊዜ ካምብሪጅ ሴቶችን ያስተምራል፣ ይፈትናል፣ ዲግሪ ግን አይሰጥም። ይህ የተቀየረው በ1948 ነው። ሴሲሊያ በ1923 አሜሪካ፣ ሃርቫርድ ሄደች። እዚያ የከዋክብትን ብርሃን በቀለም ተበትኖ የተነሳባቸውን ፎቶዎች መርምራ በ1925 የዶክትሬት ጽሑፏን አቀረበች። ያገኘችው ነገር ከዋክብት በብዛት ሃይድሮጅንና ሂሊየም መሆናቸውን ነው። በዘመኑ ሊቃውንቱ ፀሐይ መሬት ከተሠራችባቸው ንጥረ ነገሮች የተሠራች ይመስላቸው ነበር። ሄንሪ ኖሪስ ራስል የተባለው ታላቅ ሊቅ “ይህ ሊሆን አይችልም” አላት። እሷም ጽሑፏ ላይ ውጤቱ እውነት ላይሆን ይችላል ብላ ለመጻፍ ተገደደች። ከ4 ዓመት በኋላ ራስል ራሱ በሌላ መንገድ ሄዶ እዚያው ደረሰ፣ እሷንም ጠቅሶ አመነ። በ1956 ሃርቫርድ ሙሉ ፕሮፌሰር አደረጋት።

እዚህ ያላችሁ ሴት ተማሪዎች ይህን በደንብ ያዙልኝ። ጥያቄ ማብዛት ነውር ሆኖባችሁ ዝም ያላችሁ ካላችሁ፣ አብሽሩ። ጠይቁ።

የተቋሙን የቅርብ ዘመን ታሪክ ባጭሩ ልጨርስ። የዛሬውን ስሙን ያገኘው በ1972 ነው። አሮጌው መመልከቻ ቤትና የሥነ ፈለክ ሊቁ ፍሬድ ሆይል በ1967 ያቋቋመው የሥነ ፈለክ ቲዎሪ ተቋም አንድ ላይ ተዋሕደው ነው። ስቲቨን ሆኪንግም በወጣትነቱ እዚያ ሠርቷል። ዛሬ ትልቁ ሥራቸው ኮምፒውተር ላይ ነው። ጋያ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት እስከ 2025 ድረስ ወደ 2 ቢሊዮን የሚጠጉ ኮከቦችን ለክታለች፤ የብርሃናቸው መጠንና ቀለም የሚቀመርበት ማዕከል ያለው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

እንዴት ይኬዳል? ለትምህርትም ይሁን ለሥራ እንግሊዝ የሚሄድ ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋምና በዝርዝር ልንገራችሁ። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ወይም በመኪና አዲስ አበባ ትገባላችሁ። ከቦሌ ለንደን ሂትሮው በቀጥታ በረራ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ቪዛ ግድ ነው፤ ጊዜ ስለሚወስድ ቀድማችሁ ጀምሩ። ሂትሮው ላይ ፒካዲሊ የሚባለውን የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ያዙ። ካርታው ላይ ጥቁር ሰማያዊው ነው። ሳትቀይሩ ኪንግስ ክሮስ ያደርሳችኋል። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከኪንግስ ክሮስ ወደ ካምብሪጅ የሚሄደው ፈጣኑ ባቡር 50 ደቂቃ አካባቢ ነው። በየጣቢያው የሚቆመውን ከያዛችሁ ይረዝማል፤ ሰሌዳውን በደንብ እዩ። ካምብሪጅ ኖርዝ የሚባል ሌላ ጣቢያም አለ። እናንተ “ካምብሪጅ” ብቻ የሚለው ላይ ውረዱ።

ጣቢያው ያለው በከተማው ደቡብ ምሥራቅ፣ ተቋሙ ያለው በምዕራብ ነው። በእግር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። መንገዱ ግን ሜዳ ነው፤ ከፒያሳ ሽቅብ መውጣት የለመደ የደሴ ሰው አይቸገርም። ከመሃል ከተማ ተነስታችሁ ካም የሚባለውን ወንዝ ተሻግራችሁ ወደ ማዲንግሊ መንገድ ብትሄዱ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። እኔ በእግር መሄዱን እመርጣለሁ፤ ጥንታዊዎቹን ኮሌጆች እያያችሁ ታልፋላችሁ። የደከመው ከጣቢያው አውቶቡስ አለው። በተቋሙ አቅራቢያ የተሠራው አዲስ ሰፈር ኤዲንግተን ይባላል፤ ስሙ የወጣው በዚያው በግርዶሹ ሰው ነው። ወደዚያ የሚሄደው የዩኒቨርሲቲው አውቶቡስ ለተቋሙ የሚቀርብ ፌርማታ ላይ ያወርዳችኋል። ብስክሌት መከራየትም ይቻላል። ከተማው የብስክሌት ከተማ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቱ። ቦታው ሙዚየም አይደለም፤ ሰው የሚሠራበት ቢሮ ነው። በቀን ሄዳችሁ ጉልላት ክፈቱልኝ ብትሉ አይሆንም። መሄጃው ረቡዕ ማታ ነው፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ። ከመነሳታችሁ በፊት የተቋሙን ድረ ገጽ አይታችሁ የዕለቱን ፕሮግራም አረጋግጡ። መጀመሪያ አንድ ተመራማሪ ለተራ ሰው በሚገባ ቋንቋ አጭር ንግግር ያደርጋል። ከዚያ ሰማዩ ጠርቶ ከሆነ ወደ ቴሌስኮፖቹ ይወጣል። የአካባቢው የኮከብ ወዳጆችም የየራሳቸውን ቴሌስኮፕ ሣሩ ላይ ተክለው ያሳያሉ። ወፍራም ልብስ ልበሱ። ጉልላቶቹ ማሞቂያ የላቸውም፤ ሞቃት አየር ከቀዝቃዛው ጋር ሲጋጭ ምስሉ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ወደ ለንደን የምትመለሱም የባቡሩን የመጨረሻ ሰዓት ቀድማችሁ እወቁ።

ለምን በበጋቸው አይከፍቱም? ካምብሪጅ ከምድር ወገብ 52 ዲግሪ ይርቃል። በሰኔ ሌሊቱ አጭር ነው፤ ሰማዩም በደንብ አይጨልምም። በክረምታቸው ይጨልማል፣ ግን ደመና ይበዛል።

እንግዲህ የኛን ሰማይ አስቡት። ደሴ ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። ዓመቱን ሙሉ ሌሊታችን 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ለወራት ሰማዩ ጥርት ይላል። ከተማዋ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የሰሜኑን ኮከብ ከአድማስ ትንሽ ከፍ ብሎ እናየዋለን። በሚያዝያና በግንቦት ማታ ፊታችንን ወደ ደቡብ ብናዞር የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራት ኮከቦች ይታዩናል። የካምብሪጅ ሰው አገሩ ሆኖ እነሱን አያያቸውም። ይህን ሰማይ ያነበቡ ሰዎችም አሉን። ባሕረ ሐሳብ የሚቀምሩ ሊቃውንት አሉ። ጨረቃ አይተው ረመዳንን የሚያስገቡ ሼሆች አሉ። በላሊበላ ዙሪያ ተራሮች ላይ ትልቅ የኮከብ መመልከቻ የመሥራት ሐሳብም ሲነገር ቆይቷል። ቢሳካ እሰየው ነው። እስከዚያው እጃችንን አጣምረን መቀመጥ ግን አይገባም።

አገር ውስጥም መሄጃ አለ። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ይህ ከኖርዘምበርላንዱ ሌንስ ሦስት እጥፍ ይሰፋል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ እንጦጦን ትወጣላችሁ። በቡድን የምትሄዱ ተማሪዎች ትምህርት ቤታችሁ ቀድሞ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ፤ በድንገት ሄዶ በር ማንኳኳት አያዋጣም።

እዚህ ግን ለመጀመር ሜትር የሚያህል መስታወት አያስፈልገንም። ተራ የእጅ መነጽር አጥር ላይ አስደግፋችሁ ወደ ጁፒተር ብታዞሩት አጠገቧ የተሰለፉ ትንንሽ ነጥቦች ታያላችሁ። ጨረቃዎቿ ናቸው፤ ጋሊልዮ በ1610 ያያቸው። በተከታታይ ማታ በወረቀት ላይ ሳሏቸው፤ ቦታቸውን ይቀያይራሉ። ቻሊስ ያላደረገውን ማስተያየት ተማሪዎቻችን በእጃቸው ያደርጉታል ማለት ነው። የግቢው መብራት ይጥፋ፣ አንድ የፊዚክስ መምህር ይገኝ፣ በሩ ለሰፈሩ ሰው ክፍት ይሁን። ከዚህ ሌላ ወጪ የለውም።

ቀነ ቀጠሮም አለን። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 26 ቀን 2019 በላይኛው ግብፅ በኩል የሚያልፍ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። እኛ ጋ ከቀትር በኋላ በከፊል ይታያል። ሐምሌ ስለሆነ ደመና ሊያስቸግረን ይችላል፤ ወደ ቆላው ወረድ ያለ ሰው የተሻለ ዕድል ይኖረዋል። በዓይን በቀጥታ ማየት ዓይን ያጠፋል። የራጅ ፊልምና የፀሐይ መነጽርም አያድኑም። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር ካልተገኘ ካርቶን በመርፌ ቀዳችሁ፣ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ፣ ምስሏን ነጭ ወረቀት ላይ ጣሏት።

ኅዳር ላይ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሳምንት፣ በአራትና አምስት ትምህርት ቤት ግቢ የመጀመሪያውን ማታ ብንጀምር ለግርዶሹ የሠለጠነ ሰው ይኖረናል። መድረኩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አስቀምጫለሁ። መምህራን የትምህርት ቤታችሁን ስምና የሚመቻችሁን ቀን ጻፉበት። ተማሪዎች ደግሞ ማይኩ ወደናንተ እየመጣ ነው፤ ጠይቁ።